በሕጋዊው በር ግቡ ሲሉ የትኛውን በር ነው?

የብሪታንያ ሚኒስትሮች ስለ ስደት በተናገሩ ቁጥር የማይቀር አንድ ሐሳብ አለ። ሕጋዊውን መንገድ ተከትሎ ለሚመጣ አገራችን ክፍት ናት፤ የምንታገለው በጎማ ጀልባ ሾልኮ የሚገባውን ነው ይላሉ። ወግ አጥባቂዎቹ በሥልጣን ዘመናቸው ብለውታል፤ ሌበሮቹም ተረክበው እያሉት ነው። ለሚሰማው ሰው ትክክል ይመስላል። ወረፋ ጠብቆ መግባትን ማን ይጠላል?

እንግዲያው እንጠይቅ። ልጆቿን ይዛ ከኤል ፋሽር የሸሸች ሱዳናዊት እናት፣ ማብቂያ ከሌለው ብሔራዊ አገልግሎት ያመለጠ ኤርትራዊ ወጣት፣ የትኛውን ፎርም ሞልተው፣ ለየትኛው ኤምባሲ አስገብተው ነው ብሪታንያ ደርሰው ጥገኝነት የሚጠይቁት? ወረፋው የሚጀምረው የት ነው?

የትም አይጀምርም። በብሪታንያ ሕግ ጥገኝነት የሚጠየቀው እዚያው ብሪታንያ ምድር ላይ ተሁኖ ነው። ጥገኝነት ለመጠየቅ የሚሰጥ ቪዛ የለም። የጉብኝት ቪዛ ሲጠይቅ እዚያ ደርሼ እጄን እሰጣለሁ ያለ ሰው ቪዛውን አያገኝም። በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በኩል የሚደረግ ሰፈራ አለ፤ ነገር ግን ስደተኛው የሚያመለክትበት አይደለም፤ መራጩ ኮሚሽኑ ነው፤ የሚወሰደውም ሰው እጅግ ጥቂት ነው። በ2022 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የዜግነትና የድንበር ሕግ ደግሞ ያለ ፈቃድ መድረስን ራሱን እስከ አራት ዓመት የሚያሳስር ወንጀል አደረገው። ለመጠየቅ መድረስ አለብህ፤ ለመድረስ ቪዛ ያስፈልግሃል፤ ቪዛው የለም፤ ያለ ቪዛ ከደረስክ ወንጀለኛ ነህ። ይህን ሕግ ያረቀቁ ሰዎች ስደተኛው ምን እንዲያደርግ ነው የፈለጉት? ባለበት እንዲሞት ከሆነስ ለምን ደፍረው አይናገሩትም?

ፈረንሳይ ሰላም አገር አይደለችም ወይ፣ ለምን እዚያ አይቀሩም የሚል ጥያቄ ይነሣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ አብዛኞቹ ይቀራሉ የሚል ነው። በ2024 ጀርመንም ፈረንሳይም ከብሪታንያ የበለጠ የጥገኝነት ማመልከቻ ተቀብለዋል። ባሕሩን የሚሻገረው በርሚንግሃም ወንድም ያለው ነው፤ ትምህርት ቤት የለቀማት ጥቂት እንግሊዝኛ ያለችው ነው፤ በሌላ አገር ኬዙ ተዘግቶበት ተስፋ የቆረጠም አለበት። ሁሉም ከለላ ይገባዋል አልልም። ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን ለመመርመር ግን ሰውየው በሕይወት መድረስ የለበትም?

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ብሪታንያ መንገዱን ጠንቅቃ የምታውቀው መሆኑ ነው። ሩሲያ በፌብሩዋሪ 2022 ዩክሬንን ስትወር ለንደን በሳምንታት ውስጥ ልዩ ቪዛ አዘጋጀች። እንግሊዛውያን ቤተሰቦች ትርፍ ክፍላቸውን ከፍተው ተቀበሉ፤ ከ200,000 በላይ ዩክሬናውያን በአውሮፕላንና በባቡር ገቡ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ለሆንግ ኮንግ ሰዎችም ሌላ ቪዛ ተከፍቶ ነበር፤ በእሱም ከ150,000 በላይ ሰው መጥቷል። ይህን ያደረጉ ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል፤ ዩክሬናዊቷ እናት ካገኘችው አንዲትም ነገር ማንም እንዲነጥቃት አልፈልግም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ከእነዚያ ሁሉ ዩክሬናውያን ውስጥ ስንቱ ነው ለደላላ ከፍሎ ፈረንሳይ፣ ካሌ ላይ ጀልባ የተሳፈረ? የለም ማለት ይቻላል። የደላላውን ገበያ የዘጋው ፖሊስ ነው ወይስ ቪዛ? ይህ በዓይን የታየ ነገር ከሆነ፣ በኤፕሪል 2023 ካርቱም ስትነድ ለሱዳናውያን ለምን አልተደገመም? የብሪታንያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር (ሆም ኦፊስ) ባሕሩን ተሻግረው የደረሱትን ሱዳናውያን ኬዝ መርምሮ ከሞላ ጎደል ለሁሉም ከለላ ሲሰጥ ነበር። ስደተኛ መሆናቸውን አምኖ የሚቀበል መንግሥት፣ ውኃውን መሻገራቸውን እንደ መግቢያ ፈተና የሚያስቀምጠው ለምንድን ነው?

ፈተናውን የወደቁም አሉ። ኖቬምበር 24 ቀን 2021 ሌሊት የእንግሊዝ ቻናል ላይ አንዲት የጎማ ጀልባ አየሯ ወጣ። ከተሳፋሪዎቹ ወደ ፈረንሳይም ወደ እንግሊዝም የድረሱልን ስልክ ተደወለ። የፈረንሳዩ ስልክ ተቀባይ ያላችሁት በእንግሊዝ ውኃ ላይ ነው ብሎ መለሰላቸው። በሰጠመው ሰው መካከል ኢትዮጵያውያንም ነበሩ፣ ኩርዶችም፣ ሕፃንም። ቢያንስ 27 ሰው ሞተ፤ በሕይወት የተገኙት ሁለት ብቻ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ድንኳን ተጥሎ የተለቀሰላቸው ሰዎች ወንጀላቸው ምን ነበር? የሌለ ወረፋ አለመጠበቃቸው?

ገንዘቡን ደግሞ እንይ፤ በዚህ ክርክር ውስጥ ዘወትር የሚነሣው የግብር ከፋዩ ገንዘብ ነውና። ወግ አጥባቂዎቹ በ2022 ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ የመላክ ዕቅድ አወጡ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች በኖቬምበር 2023 ሁሉም ተስማምተው ሕገ ወጥ ነው አሉ። ከዚህ ቀደም እስራኤል ኤርትራውያንና ሱዳናውያንን ወደ ሩዋንዳ በላከች ጊዜ የደረሰባቸውንም ዳኞቹ ከማስረጃዎቹ አንዱ አድርገው ጠቅሰውታል። መንግሥት ግን ፍርዱን በሕግ ሽሮ ቀጠለ። አዲሱ መንግሥት በ2024 ዕቅዱን ሲሰርዝ የወጣው ገንዘብ 700 ሚሊዮን ፓውንድ መሆኑን ለፓርላማ ተናገረ። የሄዱት አራት ሰዎች ነበሩ፤ አራቱም በፈቃዳቸው። በዚያ ገንዘብ ስንት የኬዝ መርማሪ፣ ስንት ዳኛ መቅጠር ይቻል ነበር?

ጥገኝነት ጠያቂዎች የሚቀመጡባቸው ሆቴሎችስ? የመንግሥት ሒሳብ መርማሪዎች በሜይ 2025 ባወጡት ሪፖርት፣ ለጥገኝነት ጠያቂዎች መኖሪያ በ2019 ለአሥር ዓመት 4.5 ቢሊዮን ፓውንድ ይበቃል የተባለው ውል ወደ 15.3 ቢሊዮን እንደሚያድግ ገልጸዋል። ውሉን የያዙት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው። ሆቴል ውስጥ የተቀመጠው ስደተኛ በሳምንት እጁ ላይ የሚደርሰው አሥር ፓውንድ ገደማ ነው፤ ሥራ እንዳይሠራም ተከልክሏል። አንድ ዓመት ሞልቶት ቢፈቀድለት እንኳ በተወሰኑ የሙያ ዘርፎች ብቻ ነው። ከዚያ ጋዜጣው ቁጭ ብሎ ይበላል ብሎ ይጽፍበታል። ጉልበት ያለውን ሰው ሥራ ከልክሎ ሥራ ፈት ብሎ መስደብ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ያ ሁሉ ቢሊዮን የማን ኪስ እንደገባ ጠይቆ ሰልፍ የወጣ ስንት ነው?

የከተሞቹን ነዋሪ ቁጣ አልንቅም። የቀበሌ ቤት ለማግኘት ዓመታት የሚጠብቅ፣ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያጣ ሰው፣ ማንም ሳያማክረው የሰፈሩ ሆቴል አንድ ቀን ተዘግቶ ሌላ ሰው ሲገባበት ቢቆጣ አይፈረድበትም። ያ ቁጣ ግን ወዴት ተመራ? በጁላይ 2024 ሳውዝፖርት ላይ ሦስት ሕፃናት ሲገደሉ፣ ገዳዩ በጀልባ የመጣ ስደተኛ ነው የሚል ውሸት በሰዓታት ውስጥ ተሠራጨ። ገዳዩ ግን እዚያው ብሪታንያ፣ ካርዲፍ የተወለደ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ሮዘራም አጠገብ ጥገኝነት ጠያቂዎች ያሉበትን ሆቴል ለማቃጠል ሁከተኞች እሳት ለኮሱ። ያን ውሸት ያሠራጩትና ያባዙት ከዚያ በኋላ በስደት ክርክር ላይ ሲናገሩ ማን አፋቸውን ያዘ?

የኤፒንግንም ነገር ማለፍ አይቻልም፤ ጥፋተኛው የእኛው አገር ሰው ነውና። በ2025 በዚያች የእንግሊዝ ከተማ ሆቴል ተቀምጦ የነበረ አንድ ኢትዮጵያዊ ጥገኝነት ጠያቂ በ14 ዓመት ልጅ ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሞ ተፈረደበት፤ ታስሮ ወደ አገሩ ተባረረ። ፍርዱ ይገባዋል፤ ለልጅቷና ለቤተሰቧ ከማንም በፊት እናዝናለን። ግን በዚያው ሆቴል፣ በሌሎቹም ሆቴሎች የተቀመጠው ሌላው ሁሉ በምን ሕግ ነው አብሮ የተከሰሰው? እንግሊዛዊ ሲያጠፋ መንደሩ ሁሉ ይጠየቃል?

አሁን ደግሞ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሻባና ማህሙድ በኖቬምበር 2025 ባቀረቡት ዕቅድ፣ ከለላ ያገኘ ሰው ጉዳዩ በየ30 ወሩ እየታየ ቋሚ መኖሪያ እስኪያገኝ 20 ዓመት ሊጠብቅ ነው። በአምስት ዓመቷ የገባች ልጅ 25 ሲሞላት ማለት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዚያው ዓመት አገሪቱ የባዕዳን ደሴት እንዳትሆን ያሰጋል ብለው ነበር፤ በኋላ በአነጋገሩ ተጸጽተዋል። ለመሆኑ ሰውን 20 ዓመት ሻንጣው ላይ አስቀምጦ የአገር ሰው አልሆነም ብሎ መክሰስ እንዴት ይቻላል? ባዕድነቱን የሚያረዝመው ማን ነው?

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ጉዳይ የምናስታውሰው ታሪክ አለን። በ1936 ንጉሠ ነገሥቱ ከጂቡቲ ሲወጡ እስከ ሃይፋ የወሰዳቸው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ነው። እስከ 1940 ድረስ ባዝ ከተማ በስደት ኖሩ። የለንደን መንግሥት በ1938 የጣሊያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ ሲቀበል የባዝ ሕዝብ ጎረቤትነቱን አልነፈጋቸውም። ያንን ደግነት አንረሳውም። የምንጠይቀው ለንጉሥ የተገኘው መርከብ ለተራው ሰው አንዲት ማመልከቻ እንኳ መሆን ለምን እንዳቃተው ነው።

ብሪታንያ ያላችሁ፣ ወረቀት አግኝታችሁ ድምፅ የምትሰጡ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከለላ ያገኘ ስደተኛ ባለቤቱንና ልጆቹን የሚያስመጣበት የቤተሰብ ማገናኛ ቪዛ ነበር። በመጨረሻው ዓመት ከ20,000 በላይ ሰው፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ ይህን ቪዛ አግኝተዋል። ይህን ከሕጋዊዎቹ ሁሉ የጠራውን መንገድ መንግሥት በሴፕቴምበር 2025 አዲስ ማመልከቻ እንዳይቀበል አገደው። አንዳንዶቻችን ወረቀታችን ከወጣ በኋላ አዲስ መጤውን በሌላ ዓይን ማየት ጀምረናል፤ ይህ ይቅር። ለፓርላማ አባላችሁ ጻፉ፤ ቢሮው ሄዳችሁ ጠይቁ። የልጆቹ መንገድ ይከፈት በሉ።