እስስቱ ማን ነው?

በፈረንጆች አቈጣጠር በ1983 ዓ.ም. ዉዲ አለን የተባለው አሜሪካዊ «ዜሊግ» የሚል ሲኒማ አወጣ። ሲኒማው የታሪክ ማስረጃ መስሎ የተሠራ ልብ ወለድ ነው። ሌናርድ ዜሊግ በ1920ዎቹ ዓመታት በኒው ዮርክ እንደ ኖረ ይተርካል፤ ከወፍራሞች ጋራ ሲውል ይወፍራል፥ ከሐኪሞች መካከል ሲቀመጥ ሐኪም ነኝ ይላል። ሐኪሚቱ ዩዶራ ፍሌቸር መርምራ እንደ ደረሰችበት፥ የሕመሙ ሥር ሰው እንዳይጠላው መፍራቱ ነው። ነገሩም የዠመረው «ሞቢ ዲክ» የተባለውን መጽሐፍ አላነበብሁም ማለትን አፍሮ፥ አንብቤአለሁ ብሎ በመዋሸቱ ነው። (ይህን የመሰለ ውሸት በተማሩት ዘንድ እንግዳ አይደለም።)

ብዙ ተመልካቾች በዜሊግ ስቀው፥ የካሜራውን ጥበብ አድንቀው ይመለሳሉ። በውነቱ ጥበቡ የሚናቅ አይደለም፤ ጎርደን ዊሊስ በዚያ ዘመን የካሜራ መነጽር አንሥቶ፥ ዜሊግን ከሂትለር በስተኋላ አቁሞ አሳይቶአል። እነ ሱዛን ሶንታግና እነ ሶል ቤሎም በገዛ ስማቸው ቀርበው፥ ከቶ ስላልተወለደ ሰው ይመሰክራሉ። ተመልካቹ ነገሩን ሳይመረምር የተናጋሪውን ዝና ብቻ አይቶ የሚያምን ከሆነ፥ በዜሊግ ለመሳቅ ምን መብት አለው?

ከዜሊግ ይልቅ የሚለዋወጠው ሕዝቡ ነውና። ታሞ ሳለ ዘፈንና ጭፈራ አወጡለት፥ አሻንጉሊቱንም ሸጡ። ሴቶች አግብቶን ነበር ብለው በከሰሱት ጊዜ፥ ትናንት ያመሰገነው አፍ ረገመው። ኋላ አውሮፕላን ገልብጦ እያበረረ አትላንቲክን በተሻገረ ጊዜ ደግሞ፥ ያው ሕዝብ የወረቀት ብጥስጣሽ እየበተነ ተቀበለው። ከይቅርታው በፊት ምንም ምርመራ አልተደረገም፤ በረራው ብቻ በቃ።

ሌላውን መምሰል ጉዳት የሌለው ጨዋነት ነው የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ዜሊግ ከክሱ ሸሽቶ የት እንደ ተገኘ ሊያስቡ ይገባቸዋል፤ የተገኘው በጀርመን አገር፥ ቡናማ ሸሚዝ ከለበሱት ናዚዎች መካከል ነው። በሐኪሞች ፊት ሐኪም ነኝ ያሰኘው ፍርሃት፥ በዚያ ሰልፍም ያቆመው እርሱው ነው፤ ሌላ ክፋት አልተጨመረበትም። ሲኒማው ይህን ካሳየ በኋላ፥ ሕመሙ አብራሪ መስሎ እንዲያመልጥ አደረገው ብሎ ማሳቁ ግን፥ ሊጸና በሚገባው ስፍራ መላላቱ ነው።

ስለ ሰልፉ የሠራው ነገር ከዚህ ይሻላል። ዜሊግ በሕዝቡ መካከል ፍሌቸርን ባየ ጊዜ፥ የቆመበትን ስፍራ ረስቶ እጁን እያወዛወዘ ጠራት፤ የሂትለርም ንግግር ተበላሸ።