ኳሱ ስንት እርምጃ ይሂድ?

የጎልፍ ተጫዋች ኳሱን አርቆ በላከ ጊዜ እሱም ደስ ይለዋል፤ ተመልካቹም ያጨበጭብለታል። ዳሩ ግን ብዙው ጨዋታ የሚበላሸው ከጉድጓዱ አጠገብ በሚቀረው በመጨረሻው ሃምሳ እርምጃ ውስጥ ነው። በዚያ ስፍራ ጉልበት አይረዳም፤ የሚረዳው ልክ ማወቅ ነው።

ለዚህ ነገር አሜሪካዊው ዳግ ሳንደርስ ምስክር ይሆነናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. በስኮትላንድ አገር፣ በሴንት አንድሩስ በተደረገው ታላቅ ውድድር፣ የመጨረሻውን 18ኛውን ጉድጓድ በ4 ምት ቢጨርስ ዋንጫው የእሱ ነበር። በ2 ምት አጥሮ ከታጨደው የጉድጓዱ ሣር ላይ ደረሰ። በ3ኛው ምት ግን ኳሱ አንድ ሜትር ያህል ሲቀረው ቆመ፤ 4ኛውም ጉድጓዱን ሳተ። በማግሥቱ ከጃክ ኒክላውስ ጋር ባደረገው መለያ ጨዋታ በአንድ ምት ተሸነፈ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ያችን የሳተችውን አጭር ምት ነው፤ ጥፋቱ የተጀመረው ግን ከእርሷ በፊት ርቀቷ በጎደለው ምት ነው።

እንግዲህ ምን ይሻላል? አብዛኛው ጀማሪ ዱላውን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ወደ ኋላ ይስብና ኳሱን ሊመታ ሲል «በዛ» ብሎ እጁን ያቀዘቅዛል፤ ወይም «አነሰ» ብሎ በድንገት ኃይል ይጨምራል። ልኩ የሚጠፋው በዚህ ጊዜ ነው። ርቀቱን የሚወስነው ዱላው ወደ ኋላ የሄደበት መጠን ይሁን እንጂ የእጅ ኃይል አይሁን።

ቀድሞ በአሜሪካ የጠፈር ድርጅት በናሳ ይሠራ የነበረው ዴቭ ፔልዝ ያስተማረው ዘዴ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ዌጅ የሚባለውን ዱላ ያዙ፤ እጃችሁን አንድ ጊዜ እስከ ጭን፣ አንድ ጊዜ እስከ ደረት፣ አንድ ጊዜ ከትከሻ ከፍ አድርጋችሁ ሳቡ። ፍጥነታችሁ በሦስቱም እኩል ይሁን። በእያንዳንዱ ልክ 10 ኳስ ምቱና አብዛኛዎቹ ያረፉበትን በእርምጃ ለክታችሁ በማስታወሻ ጻፉ። በሦስት ዱላ ይህን ብታደርጉ 9 የታወቁ ርቀቶች አገኛችሁ ማለት ነው።

ከጉድጓዱ አጠገብ ለሚመታው ምትም ፔልዝ መለኪያ አለው፤ ይኸውም ኳሱ ጉድጓዱን ቢስት 43 ሳንቲ ሜትር ያህል አልፎ የሚቆምበት ፍጥነት ነው። አጥሮ የቀረ ኳስ በምንም ዓይነት አይገባም፤ እጅግ የፈጠነውም በጉድጓዱ አፍ ላይ ዘሎ ያልፋል።

ልብስ ሰፊ ሳይለካ ጨርቅ አይቆርጥም። እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ ሜዳ ስትወርዱ ከሩቁ ምት በፊት ግማሽ ሰዓት ለአጭሩ ስጡት፤ ትርፉን በመዝገባችሁ ላይ ታዩታላችሁ።