ሁለት ኩባንያ፣ አንድ መኪና፦ ከ«አርና» ምን እንማራለን?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ሰምተን አድገናል፤ እናምንበታለንም። ነገር ግን ድሩን ማን ፈተለው? እንዴትስ አበረ? የሚለውን ጥያቄ ሳያነሱ፣ በማበር ብቻ ድል ይገኛል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። «አርና» የተባለችው መኪና ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

የኢጣሊያ መንግሥት ንብረት የነበረው አልፋ ሮሜዎ በኪሳራ ላይ ሳለ፣ እ.አ.አ. በ1980 ከጃፓኑ ኒሳን ጋር በእኩል ድርሻ አንድ ኩባንያ ለማቋቋም ተዋዋለ። ፋብሪካው ሥራ አጥነት በጸናበት በደቡብ ኢጣሊያ፣ በአቬሊኖ አጠገብ፣ ፕራቶላ ሴራ ላይ ተተከለ። በ1983 «አርና» ለገበያ ቀረበች፦ ለቤተሰብ የምትሆን፣ የኋላ በሯ ከነመስተዋቱ ወደ ላይ የሚከፈት አነስተኛ መኪና።

የሥራው ክፍፍል ምን ይመስል ነበር? ቦዲው ኒሳን ቀድሞ የሠራት የ«ቼሪ» ቦዲ ነው፤ ላሜራው ከጃፓን በመርከብ ይመጣል። ሞተሩና ካምቢዮው ደግሞ ከአልፋ ሮሜዎ ከ«አልፋሱድ» የተወሰዱ ናቸው። ገዢው ከኢጣሊያ መልክን፣ ከጃፓን ጥንቃቄን ሲጠብቅ፣ የደረሰው ግልባጩ ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይቀለዳል።

እኛ ግን በቀልዱ ላይ አንቆምም። ጥፋቱ የኢጣሊያኖች ወይም የጃፓኖች ጠባይ አይደለም። የፕራቶላ ሴራ ወዛደርም የተሰጠውን ብሎን ከማጥበቅ በቀር ንድፉን የሚወስንበት ሥልጣን አልነበረውም። ጥፋቱ ሁለቱ ኩባንያዎች ያላቸውን አዋጡ እንጂ አብረው አለማሰባቸው ነው። አንዱ ፈጣንና ርካሽ መፍትሔ ፈለገ፤ ሌላው ወደ አውሮፓ ገበያ መግቢያ በር ፈለገ። መኪናዋ ከወገቧ ላይ የተገጠመች ሆና ቀረች።

ውጤቱም ታየ። በዓመት 60 ሺህ ያህል መኪና ይወጣል ተብሎ ሲታቀድ፣ በጠቅላላው የተሠራው «አርና» ከ53 ሺህ ብዙም አልዘለለም። በ1986 አልፋ ሮሜዎ በፊያት እጅ ገባ፤ በ1987 «አርና» መሠራቷ ቆመ።

«እንግዲያው ሽርክና ከንቱ ነው» የሚሉ ወገኖች ይኖሩ ይሆናል። አንስማማም። የእንግሊዙ ሮቨርና የጃፓኑ ሆንዳ መሐንዲሶች አብረው የነደፉት፣ በ1989 የወጣው «ሮቨር 200» በዚያው ዓይነት መኪና ምስጋና አትርፏል። ልዩነቱ ከንድፍ ጠረጴዛው ይጀምራል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ዛሬ በባዕድ አገር ምሕንድስናና ንግድ የምናጠና ተማሪዎች ነገ በውል ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጥ ይሆናል። ያን ጊዜ «ድርሻችን በመቶ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። ንድፉን የሚነድፈው ማን ነው? ሸሪኩ ቢሄድ ሥራውን ደግመን መሥራት እንችላለን ወይ? ብለን ልንጠይቅ ይገባል። በወረቀት ላይ የተጻፈ የእኩሌታ ድርሻ የእውቀት እኩሌታ አይደለምና።

ድሩ ይበር፤ ግን አብረን እንፍተለው እንላለን።