በግድግዳ ላይ የሚታይ የኤሌክትሪክ ገመድ

የኤሌክትሪክ ኃይል ከመንገድ ዳር ምሰሶ ተነሥቶ ወደ መኖሪያ ቤት የሚደርሰው በአንድ ገመድ አማካይነት ነው። ገመዱ በአየር ላይ ተሻግሮ ከጣራው ጠርዝ ሥር ይታሰርና በውጭው ግድግዳ ላይ ወርዶ ከቆጣሪው ይገባል። አምፖሉም፣ ምጣዱም፣ ራዲዮውም የሚሠሩት በዚሁ ገመድ በሚያልፈው ኃይል ነው። ስለዚህ ገመድ አያያዝ ሰዎች ሁለት ዓይነት አስተያየት ሲሰጡ ይሰማል። አንዳንዶቹ ገመዱ በግልጥ መታየቱ ራሱ አደጋ ነውና በግድግዳ ውስጥ መቀበር አለበት ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ኖሮ ምንም አላደረሰምና ይተው ይላሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ከእውነቱ ርቀዋል። ጥፋቱ ገመዱ መታየቱ አይደለም፤ እየታየ የሚመለከተው ሰው ማጣቱ ነው።

በመጀመሪያ ይህ ገመድ ከሌሎቹ የቤት ሽቦዎች የሚለይበትን ምክንያት መረዳት ያስፈልጋል። በቤት ውስጥ በተዘረጋ ሽቦ ላይ ብልሽት ቢደርስ ከቆጣሪው አጠገብ ያለው ፊውዝ ወይም ብሬከር ኃይሉን ይቆርጠዋል። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው ገመድ ግን የሚገኘው ከዚህ ጠባቂ በፊት ነው። ዋናውን ማጥፊያ ብታጠፉ የቤቱ መብራት ይጠፋል እንጂ በውጭ ያለው ገመድ 220 ቮልቱን እንደያዘ ይቆያል። ልባሱ ተልጦ ሽቦዎቹ እርስ በርሳቸው ቢነካኩም በትራንስፎርመሩ ዘንድ ያለው ፊውዝ ለብዙ ቤቶች የተመጠነ ስለሆነ፣ እርሱ እስኪቆርጥ ድረስ ገመዱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

የገመዱን መዳብ ወይም አሉሚኒየም ከሰው እጅ የሚለየው የፕላስቲክ ልባሱ ብቻ ነው። ይህን ልባስ የሚጎዳው አንደኛ ፀሐይ ነው። የፀሐይ ጨረር ፕላስቲክን እያደረቀ ይሰነጣጥቀዋል፤ በደጋው አገራችን ደግሞ ከከፍታው የተነሣ ጨረሩ ይበረታል። ለውጭ የሚሠራ ገመድ ብዙውን ጊዜ ጥቁር የሚሆነው በልባሱ ውስጥ የሚጨመረው ጥላሸት መሰል ካርቦን ጨረሩን ስለሚቋቋም ነው። ለቤት ውስጥ የተሠራ ነጭ ሽቦ በውጭ ቢዘረጋ ግን ቶሎ ያረጃል። ሁለተኛው ጠላት ነፋስ ነው። በሚገባ ያልታሰረ ገመድ እየተወዛወዘ ከቆርቆሮ ጣራ ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ስለታሙ ቆርቆሮ ልባሱን ይበላዋል። ያን ጊዜ ጣራው፣ ከጣራውም ጋር የተያያዘው የልብስ ማስጫ ሽቦ ጭምር ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። እርጥብ ልብስ ልታሰጣ እጇን የዘረጋች እናት አደጋው ከየት እንደመጣባት እንኳ አታውቅም። ሦስተኛው ዝናብ ነው። ውሃ ገመዱን ተከትሎ ቁልቁል ይወርዳልና፣ ገመዱ ወደ ቆጣሪው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎብጦ ውሃውን የሚያንጠባጥብበት መታጠፊያ ከሌለው እርጥበቱ ውስጥ ገብቶ ማያያዣዎቹ እንዲዝጉ ያደርጋል።

አደጋው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። 30 ሚሊአምፔር ያህል ኤሌክትሪክ በሰው አካል ውስጥ ጥቂት ቆይቶ ቢያልፍ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። ባለ 60 ዋት አምፖል በ220 ቮልት ሲበራ የሚያልፍበት 270 ሚሊአምፔር ያህል ነው። እንግዲህ ሕይወትን ለአደጋ ለማጋለጥ አንዲት አምፖል የምትወስደው አንድ ዘጠነኛው ይበቃል ማለት ነው።

ታዲያ ገመዱን በግድግዳ ውስጥ መቅበር አይሻልምን? ለዚህ ጥያቄ የሌላውን አገር ልምድ መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1897 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመውና በየሦስት ዓመቱ የሚሻሻለው የኤሌክትሪክ ሥራ ደንብ ገመዱ በውጭ ግድግዳ ላይ በግልጥ እንዲዘረጋ ይፈቅዳል። ፈቃዱ ግን ያለ ግዴታ አይደለም። ገመዱ ፀሐይን የሚቋቋም መሆን አለበት፤ ከ76 ሳንቲሜትር ባልበለጠ ርቀት በማሰሪያ ከግድግዳው ጋር መያያዝ አለበት፤ ዕቃ ሊገጨው በሚችልበት ስፍራ ደግሞ በጠንካራ ቱቦ መሸፈን አለበት። ከዚህ እንደምንረዳው ግልጥ መሆን በራሱ ነውር አይደለም። እንዲያውም የተቀበረ ገመድ ቢበላሽ ማንም ሳያየው ይቆያል፤ በግልጥ ያለው ግን ስንጥቁን ለተመልካች ያሳያል።

«እስካሁን ምን አደረሰ?» ለሚሉትም መልስ አለ። ልባስ የሚያረጀው ቀስ በቀስ ነው። ትናንት አደጋ አለማድረሱ ለነገ ዋስትና አይሆንም፤ ያለፈው እያንዳንዱ ዓመት ልባሱን አሳስቶታል እንጂ አላጠነከረውም። «ገመዱ የድርጅቱ እንጂ የእኛ አይደለም» የሚል ምክንያትም ይሰማል። ገመዱ የማንም ይሁን የማን፣ በሥሩ የሚጫወቱት ልጆች የቤቱ ልጆች ናቸው። የማሰሪያና የቱቦ ዋጋም ከአንድ ቤት ቃጠሎ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፣ የእናንተ ድርሻ መመልከትና መናገር ነው። ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ከመሬት ቆማችሁ ገመዱን ከጣራው እስከ ቆጣሪው በዐይናችሁ ተከተሉት። ልባሱ ተሰንጥቋልን? ከቆርቆሮው ጋር ይነካካልን? ማሰሪያው ረግቧልን? የልጅ እጅ ይደርስበታልን? በአንዱ እንኳ መልሳችሁ «አዎ» ከሆነ ለወላጆቻችሁ ንገሩ፤ እነርሱም ኃይል ለሚሰጠው ድርጅት ያመልክቱ። እናንተ ግን በእጃችሁም ሆነ በእንጨት አትንኩት፤ መሰላልም አታስጠጉ። ከቆጣሪው በፊት ያለውን ገመድ መጠገን ኃይሉን ከላይ መቁረጥ የሚችለው ባለሙያ ሥራ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እሳቱ ከተነሣ በኋላ ቅጠል እንደማይበቃ ስለተረዱ ነው። ስንጥቁ በሚታይበት ግድግዳ ሥር እያለፉ ዝም ማለት ግን ቅጠሉን በእጅ ይዞ ቃጠሎውን መጠበቅ ነው።