ከአርባው ቀን በኋላ

ስለ ሕይወት ኢንሹራንስ በተነሣ ቍጥር፥ በቆቦና በራያ ቆላ ያለው አባወራ «እኛስ ቅሬ አለን» ይላል። እውነቱን ነው። በወሎ ቅሬ፥ በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ማኅበር ድንኳን ይተክላል፥ መቃብር ያስቈፍራል፥ ኀዘንተኛውን ያስተዛዝናል። ጎረቤት ለጎረቤት የሚያዋጣው ነውና ሻጭ አላስፈለገውም።

በእንግሊዝ አገር ግን ይኸው ነገር በሻጭ እጅ ነበረ። ፕሩደንሻል የተባለው የሎንዶን ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1854 ጀምሮ የሕይወት ኢንሹራንስን ለሠራተኛው ሕዝብ በፔኒ ይሸጥ ጀመር፤ ወኪሉም በየሳምንቱ ደጅ እያንኳኳ ይሰበስብ ነበር። ሠራተኛው በድኻ መቃብር መጣልን ይፈራ ነበርና ይበልጡን የሚገዛው ቀብሩን ነው። ታዲያ ለሰብሳቢዎቹ የሚወጣው ወጪ ከመዋጮው ብዙውን ይበላ ነበር፤ ሥራ አጥቶ መክፈል ያቃተውም ብዙ ጊዜ ውሉ ይፈርስና የከፈለው ይቀርበት ነበር።

በአገራችን ኩባንያዎቹ በ1967 ዓ.ም. ተወርሰው በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፤ ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለግል ኩባንያዎች ተፈቀደ። ይሁን እንጂ የሕይወት መድን የሚገባው ሰው እስከ ዛሬ ጥቂት ነው። ይህን የሕዝቡ ግድ የለሽነት ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን አንስማማም። የራያ ገበሬ ገንዘብ የሚያየው ማሽላው ሲሰበሰብ ነው፤ በየወሩ ክፈል የሚል ውል በደመወዝተኛ ልክ የተሰፋ ልብስ ነው።

ሆኖም ቅሬው ኀዘኑ ሲያበቃ ድንኳኑን ይነቅላል። በቆቦ ሸለቆ የመስኖ ሽንኵርት ላይ በቀን ሥራ የሚያድር አባት ቢሞት፥ ከአርባው በኋላ ለልጆቹ ደብተር የሚገዛላቸው ማን ነው? ሻጩ ስለዚህ ሊነግረን ከመጣ ይደመጥ፤ ስለ ቀብር ከሆነ ግን ያለንን መልሶ ሊሸጥልን ነው።

በተደመጠም ጊዜ፥ አንድ ወር ሳይከፈል ቢያልፍ ውሉ ምን እንደሚሆን ይጠየቅ። ከብድር ጋር የሚገባው የሕይወት መድን አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው ለአበዳሪው ነው፤ ዕዳው ከቤተ ሰቡ ላይ ይነሣል እንጂ በልጆቹ እጅ የሚገባ ላይኖር ይችላል። በራስ ፈቃድ በሚገባው ውል ላይ ደግሞ የእናቲቱ ወይም የልጆቹ ስም ተለይቶ መጻፉን ማየት ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው፥ ተቀባዩ ካልተወሰነ ገንዘቡ ከውርሱ ጋር ይቀላቀላል፤ የሟቹ ባለ ዕዳ ጠያቂዎችም ከዚያ ይጠይቃሉ። «ለወራሾቼ» ብሎ በደፈናው ያጻፈም እንደዚሁ ነው።