ማርሹን ከማሳጠርህ በፊት



ባለፈው ቅዳሜ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ መኪናውን ግቢ ድረስ ይዞ መጣ። ገና ሰላም ሳንባባል፣ «ቲቸር፣ እስቲ ገብተው ማርሹን ይሞክሩልኝ» አለኝ። ገባሁ። ፍሪሲዮን ረግጬ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ አስገባሁ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ ይላል! እጅ ትንሽ ነቅነቅ ስትል ቀጭ ብሎ ይገባል።

ከዚያ የማርሹን ቆዳ ገለጥ አደረግኩ። ዘንጉ መሃሉ ላይ ተቆርጦ በብየዳ ተቀጥሏል። «ማነው የሠራልህ?» ስለው፣ «አንድ ጋራዥ ነው፣ ግማሽ ሰዓት እንኳን አልፈጀም» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ለምን መሰላችሁ? ከዓመታት በፊት ጣርማ በርን አልፈን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ፣ ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ አጠገብ ነበርኩ። ያ ፒክአፕ ማርሹ አንዴ ተሰብሮ ተበይዷል። ሹፌሩ ሞተሩ እንዲይዝለት ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሊቀንስ ሲስበው ዘንጉ ተሰብሮ እጁ ላይ ቀረ። መኪናው ሦስተኛ ላይ ነው። ቁልቁለቱን ደግሞ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በፍሬን ብቻ እያባበለ ጥግ አስያዘን። ፍሬኑ መሽተት ጀምሮ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የተበየደ የማርሽ ዘንግ ሳይ እጄ ያልበኛል።

አሁን ወደ ሃሳቤ ልግባ። ማርሽ ማሳጠርን አልቃወምም። የምቃወመው ምን እንደሚለወጥ ሳያውቁ ማሳጠርን ነው።

የማርሽ ዘንግ እንደ ሚዛን ነው። መሃሉ ላይ የሚዞርበት ኳስ አለ፤ ከላይ እጃችሁ፣ ከታች ካምቢዮው ወይም ወደ ካምቢዮው የሚሄደው ኬብል። ከኳሱ በላይ 20 ሴንቲሜትር፣ በታች 5 ሴንቲሜትር ነው እንበል። የታችኛው ጫፍ 3 ሴንቲሜትር እንዲሄድ እጃችሁ 12 ሴንቲሜትር ይሄዳል። የታችኛውን 7 ካደረጋችሁት እጃችሁ የሚሄደው ወደ 8 ሴንቲሜትር ተኩል ይወርዳል። በቃ፣ ምስጢሩ ይኼው ነው። ግን በነፃ የሚገኝ ነገር የለም፤ መንገዱ ባጠረ ልክ ጉልበቱ ይጨምራል። በዚህ ምሳሌ እጃችሁ 40 በመቶ የበለጠ መግፋት አለበት።

ካምቢዮው ውስጥ ያለው ግን ምንም አልተለወጠም። ማርሹ ከመግባቱ በፊት ፍጥነቱን የሚያመሳስል፣ ብዙ ጊዜ ከናስ የሚሠራ ቀለበት አለ። ያ ቀለበት ሥራውን ለመሥራት ቅጽበት ይፈልጋል። ማርሹ አጠረ ብላችሁ እየቀጠቀጣችሁ ካስገባችሁት የሚበላው እሱ ነው። መጀመሪያ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ መጮህ ይጀምራል፣ ከዚያ ካምቢዮ ማውረድ ይመጣል። ካምቢዮ ማውረድ ደግሞ ስንት እንደሆነ ኪሳችሁ ያውቃል።

ሌላው ነገር፣ «ማርሼ ረጅም ነው» የሚለኝ ሰው ብዙውን ጊዜ ችግሩ ርዝመት አይደለም፣ ልል መሆኑ ነው። ሞተሩን አጥፉና ሦስተኛ አስገብታችሁ ዘንጉን ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ነቅንቁት። እንደ ሾርባ ማንኪያ የሚዋልል ከሆነ ያለቀው ቡሹ ነው፤ ያቺ ትንሿ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ቀለበት። እሷን ቀይሩ፣ ግራሶ ቀቡ፣ የካምቢዮ ዘይቱንና የሞተር ሱፖርቱን እዩ። ግማሾቻችሁ ከዚያ በኋላ ማርሽ ማሳጠር የሚባለውን ትረሱታላችሁ።

የለም፣ እኔ አሁንም እፈልጋለሁ ለሚል ደግሞ ለመኪናው ሞዴል የተሠራ፣ ወጥ የሆነ ዘንግ ይግዛ። ሜዳ ላይ ቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ፣ ማርሹን ፎሌ ላይ አውጡ። ዘንጉ በቀጥታ ካምቢዮው ላይ የሚቀመጥ ከሆነ፣ አሮጌው እንደወጣ ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑት፤ አንዲት ቡሎን ውስጥ ከገባች ቀኑ አለቀ። ጨርቁን ማውጣት እንዳትረሱ ደግሞ! የተቀደደ የጎማ ሽፋን ካለ አብራችሁ ቀይሩት፣ አለዚያ ሙቀቱና ድምፁ ጋቢና ይገባል። በኬብል የሚሠራ ከሆነ ኬብሉን ፎሌ ላይ አስተካክሉት። ከዚያ ሞተሩ እንደጠፋ ሁሉንም ማርሽ፣ የኋላውንም ጨምሮ፣ እስከ መጨረሻው መግባቱን እዩ። ግማሽ መንገድ የገባ ማርሽ ጭነት ሲያገኝ ይተፋል።

ይህን ሁሉ የምለው ለምንድነው? በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። የሚገባው ኤሌክትሪክ ነው፤ እሱ ፍሪሲዮንም የማርሽ ጣጣም የለውም። ስለዚህ አሁን እጃችን ላይ ያሉት ባለማርሽ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ይገባል። እያንዳንዷ ካምቢዮ ልትከበር ይገባታል።

በመጨረሻ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ያንን ልጅ ብየዳ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሚበየድ አሳየሁት፤ የትኛው ነገር መበየድ እንደሌለበት ግን አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አልነገርኩትም። የሥራ ማስተማሪያችን ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል፤ እንዴት ፈቶ እንደሚገጥም እናሳያለን፣ ለምን የሚለውን እንዘለዋለን።

ልጁ ሰኞ ዕለት ዘንጉን አወጣው፤ ወጥ የሆነ አሮጌ ዘንግ አግኝቶ ከአዲስ ቡሽ ጋር ገጠመው። ትናንት ደውሎ፣ «ቲቸር፣ ረጅም ነው ግን አይዋልልም» አለኝ። ለእኔ በቂ ነው።

የተበየደ ዘንግ ይዛችሁ የምትነዱ ካላችሁ፣ በተለይ ቁልቁለት የምትወርዱ፣ ዛሬውኑ አሳዩት። ልምድ ያላችሁ ደግሞ ከታች ጻፉልኝ፣ ሌላውም ይማርበት።

መልካም መንገድ!