ያለ ጆንያ የፈሰሰ ስንዴ ግድግዳ ይገፋል

በአርሲ ደጋ ስንዴ በኮምባይነር ሲታጨድ ጆንያ ከመሙላት ይልቅ እህሉን በመጋዘን ወለል ላይ እንዲሁ ማፍሰስ ይቀላል። መጋዘኑ ለጆንያ የተሠራ ከሆነ ግን እኛ ይህን አሠራር አንደግፍም።

በሚገባ የተደረደረ ጆንያ ራሱን ችሎ ይቆማል። የፈሰሰ ስንዴ ግን ወደ ጎን ይገፋል። ፍሬ ከፍሬ ስለሚፋተግ ግፊቱ የውሃን ያህል ባይሆንም ከላይ ከተጫነው ክብደት ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። አንድ ሜትር ኩብ ስንዴ 8 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። በ3 ሜትር ጥልቀት አንድ ካሬ ሜትር ወለል 24 ኩንታል ያህል ሲሸከም፣ የግድግዳው ሥር በካሬ ሜትር 10 ኩንታል ያህል ይገፋል። ብረት የሌለው የብሎኬት ግድግዳ ለዚህ አልታሰበም።

ጀርመናዊው መሐንዲስ ያንሰን እ.ኤ.አ. በ1895 እንዳሳየው፣ በረጅምና ጠባብ ሲሎ ውስጥ የወለሉ ጫና ከተወሰነ ጥልቀት በኋላ እምብዛም አይጨምርም፤ ቀሪውን ክብደት ግድግዳው በሰበቃ ይሸከማል። ይህ ግን ለሰፊና ዝቅተኛ መጋዘን መጽናኛ አይሆንም። የገበሬው ጎተራ ክብ ሆኖ በልምጭ መታሰሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዙሪያው ግፊቱን ይካፈላል።

ስለዚህ ማኅበራት ግድግዳው በባለሙያ ሳይመረመር እህል አያስጠጉበት። በመሐል ከተቆለለ ስንዴው ራሱ ወደ 25 ዲግሪ ያህል ተዳፋት ይዞ ይቆማል። የልማት ሠራተኞችም ይህን ያስጠንቅቁ፦ ከሥር እህል እየወጣ ሳለ ማንም ሰው፣ በተለይም ልጅ፣ ክምሩ ላይ አይውጣ። እርጥበት ያጋገረው የላይኛው ገጽ ጠንካራ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ባዶ ሊሆን ይችላል።